ጥያቄ ዐሥራ ሰባት

ሳቢያን፣ ነሐሴ፣ ረፋድ፤ አዳራሹ ከወዲሁ ግሏል፤
ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ከጥግ ጥግ ያመላልሳል።
ፈታኙ በመሐረብ አንገቱን ጠርጎ
ሰዓቱን ያነባል፣ ክንዱን ወደ መስኮት አድርጎ።
ጥያቄ ዐሥራ ሰባት። አንዴ አነበብኩት፤
ቀና አልኩና ደግሜ በጣቴ ተከተልኩት።

«በአንዲት ከተማ መሐል ደረቅ ወንዝ ያልፋል።
ከዓመቱ አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ ገበያ ይቆምበታል።
ነጋዴውን ጎርፍ እንዳይወስደው ማዘጋጃ ቤቱ ዐቀደ፦
በከተማዋ ዝናብ መጣል ሲጀምር
ከማማው ላይ ደወል ይደወል፤ ሰው ሁሉ ይውጣ።
ከሚከተሉት ውስጥ፣ እውነት ቢሆን፣
ይህን ዕቅድ ከሁሉ ይበልጥ የሚያዳክመው የቱ ነው?»

አንዲት ከተማ ይላል፤ ስሟን አልጠራም።
ደቻቱን ያላየ ሰው ግን ይህን አይጽፍም።

ሀ) ደወሉ ውድ ነው፤ ከውጭ አገር ይገባል።
ለ) ከነጋዴው ከፊሉ ከገጠር ይመጣል።
ሐ) ጎርፉን የሚያመጣው ዝናብ በአብዛኛው የሚጥለው
ከከተማዋ ሳይሆን በላይ፣ ከተራራው ነው።
መ) ሌሎች ከተሞች ደወል የላቸውም።

ሐ። እርሳሴ ሳላዘው ክቡን አጠቆረ።
ይህን ለማወቅ ማን ክፍል ገብቶ ተማረ?
የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በቲማቲም ሣጥን ላይ፣
እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ሳለ ሰማይ፣
እማዬ እጇን ከሚዛኑ አንስታ፣ አንገቷን ሰበር
አድርጋ፣ ምንም የማይሰማውን ታዳምጥ ነበር።
በደንገጎ በኩል አድማሱ ከጠቆረ፣
ነፋሱ ጭቃ ጭቃ ከሸተተ፣
«ተነሺ» ብቻ ነው። ሌላ ቃል አልነበረ።
ዝናቡ የላይ ሰው፣ ጎርፉ የእኛ።

አስጠኚያችን ናስር፣ ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣
በጠመኔ የነጣ ጣቱን እያወዛወዘ ይል ነበር፦
«ዕቅድ ድልድይ ነው። ወዲህ ችግሩ፣ ወዲያ መፍትሔው።
መሐሉ ላይ ሳይጻፍ የታመነ ሳንቃ አለ፤ የጎደለው እሱ ነው።»
ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ፦ «የምታውቂውን ከተማ እርሺ፤
ወረቀቱ ካለሽ አልፈሽ እንዳትሸሺ።»

እሺ፣ ናስር። አንድ ነጥብ አገኘሁ፤ ልለፈው።
ግን ደወሉ መብራት ሲጠፋ በምን ይጮሃል?
ዘበኛው ኢድሪስ፣ የድሮ የምድር ባቡር ሰው፣
ከቀትር በኋላ ሲመረቅን፣ የሰማውን ደወል ሁሉ
«የጅቡቲው ገባ» ብሎ ይነሣል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል።
አዴ ሙሚናስ? እሷ ትሰማለች፤ ጆሮዋ ቀጭን ነው።
የሽንኩርቱ ጆንያ ግን የዱቤ ነው።
ጎርፍ አንዳንዴ ይምራል። አበዳሪዋን ታውቀዋለች።
ጆንያውን ትታ እንድትሮጥ ያቀደላት
ዕዳዋን አልቆጠረላት።
ይህ ከምርጫው ውስጥ የለም።
ሠ የሚባል ክብ አላተሙም።

የእኔም ዕቅድ አለ፣ ማንም ያልፈተነኝ፦
ይህን አልፋለሁ፤ ሥራ እይዛለሁ፤
እማዬን ከአሸዋው አንስቼ፣ በር ያለው ቤት አስገባታለሁ፤
ሁለተኛ ሰማይ አታዳምጥም።
ከሚከተሉት ውስጥ፣ እውነት ቢሆን፣
ይህን ከሁሉ ይበልጥ የሚያዳክመው?
ሀ) የቤት ኪራይ ከደመወዝ ፈጥኖ ይሮጣል።
ለ) ሥራው ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል።
ሐ) ጠይቄያት አላውቅም።

ሀን አሰብኩት፤ ይሰላል። ለን አሰብኩት፤ ይቻላል።
ሐ ላይ እርሳሱ ቆመ።
ዐሥራ ስምንት ዓመት ሚዛኗን ስትወለውል አይቻለሁ፤
ምን ትወጂያለሽ ብዬ አላውቅም።

«ዐሥር ደቂቃ» አለ ፈታኙ። ወረቀት ተንኮሻኮሸ።
ገለበጥኩ። ዐሥራ ስምንት፦ «አንድ ገበሬ
የፍየሎቹን ቁጥር በእጥፍ ለማሳደግ...»
ላቤ ፍየሎቹ ላይ ተንጠባጠበ።
ቀና አልኩ፣ ሰማዩን ላይ።
የአዳራሹ መስኮቶች ሁሉ ወደ ሜዳው ናቸው፤
ወደ ደንገጎ የሚያሳይ አንድም የለም።